ቀምሰሽ አቅርቢ

የወንድሜ ሚስት ጣቷን ከሊጡ አንስታ እስከ ከንፈሯ ካደረሰች በኋላ፣ ሳትልሰው መለሰችና በውሃ አጠበችው። እኔ በማድቤቱ በር ቆሜ ነበር፤ አላየችኝም። ሊጡ ለጋ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ስኳርና የተጨፈለቀ ሙዝ የገባበት፣ ሽታው ብቻ ምራቅ የሚያስውጥ ነገር ነው። በዕድሜዬ ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ወጥ ሠርታ በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ የማትቀምስ ሴት ግን አላየሁም። ጨው መብዛቱን ማነሱን በምን ታውቀዋለች? ሊጥ የነካ ጣት ደግሞ ማንም ሳያዘው ወደ አፍ ይሄዳል። የእሷም ሄዶ ነበር፤ የመለሰችው እሷ ናት። ቀኑ እሑድ ነው፣ ጥቅምት ሃያ ስድስት፣ ዘመኑም ሃምሳ አራት። ከቅዳሴ መመለሴ ነበር፤ ነጠላዬን እንኳ አላወረድኩም። «ይቺ ሴት ወንድሜን ልትገድለው ነው» ብዬ ያሰብኩት እዚያ በር ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ሽው ይልብኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ልቤ ውስጥ ቁጭ አለ።

ወንድሜ ዓለምነው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ወርቅአየሁ ነኝ። ከቆሰበር ወዲያ ካለው ከአባታችን ቀዬ ተነሥቼ ዳንግላ ድረስ የተከተልኩትም፣ ቤቱን የያዝኩለትም እኔው ነኝ። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከኋላው ማድቤት ያለው፣ ከገበያው ብዙም የማይርቅ። ምህረቴን ያገባት ባለፈው ጥር ነው። ከዚያ በፊት በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወጥ ትሠራ ነበር፤ ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም፣ ደስ አለማለቴንም አልደበቅኩም። ክረምቱ አጋማሽ ላይ ወንድሜን ሆዱን ያመው ጀመር። ከእምብርቴ በላይ ያቃጥለኛል ይላል፤ ፊቱ ገርጥቷል፤ በቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ክሊኒክ ሄዶ ነጭ ነጭ ክኒን ተሰጥቶታል፤ ለውጥ የለም። እሷ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል የተጻፈበት ቀይ ቆርቆሮ አላት፤ ከሣጥኗ ግርጌ ነው የምታስቀምጠው። ከዚያ ውስጥ ነጭ ዱቄት በማንኪያ ታወጣና በውሃ በጥብጣ ታጠጣዋለች። «ምንድነው?» ብላት «ሶዳ ነው እትዬ፤ ያበርድለታል» አለችኝ። ያንኑ ዱቄት ነው ያን ዕለት ሊጡ ላይ ስትነሰንስ ያየሁት። እንግዲህ አንድ ዱቄት ለሆድም ይሆናል፣ ለዳቦም ይሆናል ማለት ነው! ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ አድሮ ሲነሣ አውቃለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዱቄት ሲነሣ ግን ሰምቼም አላውቅ።

ሌላም አለ። ከእኛ ጋር ገበታ ቀርባ መብላት ከተወች ወር አልፏታል። «እናንተ ብሉ፣ እኔ በኋላ» ትላለች፤ በኋላ ማድቤት ገብታ ብቻዋን ትበላለች፤ ምን እንደምትበላ አናይም። መጀመሪያ የሙሽራ እፍረት ነው አልኩ፤ ግን ከዘጠኝ ወር በኋላ የሚጀምር እፍረት ምን ዓይነት ነው? በዚያ ላይ መኝታ ለይታለች። እኔ በፊተኛው ክፍል መደቡ ላይ ነው የምተኛ፤ ጠዋት የጓዳው መጋረጃ ሲገለጥ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ሰሌን ተነጥፎ አያለሁ። ወንድሜን ልጠይቀው እያልኩ ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና እመልሰዋለሁ፤ የባልና ሚስት ነገር ነው። እሱም አይነግረኝም። ሦስታችን በአንድ ቤት ውስጥ እየኖርን አንዳችን ላንዳችን የምንለው «ውሃ ስጭኝ»፣ «በሩን ዝጊው»፣ «ዝናቡ አባራ?» ሆኖ ነበር። ባሏን ተጸይፋ ከአልጋው የወረደች፣ ከገበታው የራቀች፣ ዱቄት በሣጥን የምትደብቅ ሴት፤ ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ምን ያስብ ነበር?

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግራዝማች አድማሴ ቤታችን ይመጣሉ። አዲሱ ዳኛ ናቸው፤ ከመጡ ወር አልሞላቸውም። ዓለምነው በአለቃው ፊት እንዳያፍር ብላ ነው ምህረቴ ይህን የፈረንጅ ዳቦ የጀመረችው። እኔ ነጠላዬን እንደለበስኩ በጓሮ በር ወጣሁና ቀጥ ብዬ ኑርሁሴን ሱቅ ሄድኩ። ኑርሁሴን ጎረቤታችን ነው፤ ሚስቱ ዋሲላ ከእኛ ጋር በአንድ አጥር ነው የምትዋሰን። እሑድ ስለሆነ ሱቁ ጭር ብሏል፤ አንዲት ጨው የምትገዛ የገጠር ሴት ብቻ ቆማለች። ቴምሩ በጆንያ አፍ ላይ ተቆልሎ ዝንብ ወሮታል፤ ስኳሩ በብርጭቆ አሥራ አምስት ሳንቲም በሆነበት ጊዜ ነው፤ ለሀብታም ካልሆነ በቀር ለዳቦ የሚሆን ነገር አልነበረም።

«ደግሞ ምን ጎደላችሁ?» አለ ኑርሁሴን። «ትናንት ምህረቴ ሁሉን ወስዳ የለም እንዴ?»

«ምን ምን ወሰደች?»

«ቴምር፣ ዘቢብ፣ ስኳር፣ ፉርኖ ዱቄት። ኦቾሎኒና ሙዙን ከጫግኒ ነጋዴ ነው የገዛች፤ እኔ ዘንድ የለም። ግራዝማች ይመጣሉ አለችኝ፤ ደግ ነው፣ ይብሉ።»

«በቆርቆሮ የሚመጣ ነጭ ዱቄትስ አልሸጥክላትም?»

ሚዛኑን አስቀመጠና አየኝ። «እኔ እንደሱ ያለ ነገር አልሸጥም። ምንድነው እሱ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅ። ወንድሜ ሲከሳ አታይም?»

ጨው ገዢዋ ሴት የገዛችውን በመቀነቷ ቋጠረችና፣ ሳይጠይቋት፣ «እኛ ዘንድ አንዲት እንዲሁ አድርጋ ባሏን በዓመቱ ቀበረችው፤ ቀስ ብሎ የሚሠራም አለ» አለች። ኑርሁሴን ተቆጣት። እኔንም ተቆጣኝ። «ወርቅአየሁ፣ የጠረጠርሽው ካለ ቤትሽ ገብተሽ ተናገሪ። እዚህ ያወራሽው ነገ ገበያ ውስጥ ነው። ምህረቴን ዋሲላ እንደ እህቷ ነው የምታያት።» እኔ ግን የእሱን ምክር መች ሰማሁ፤ የሰማሁት የሴትዮዋን ነው። «ቀስ ብሎ» የሚለው ቃል እስከ ቤት ተከተለኝ። ሲከፋኝ ወደ አገውኛ እመለሳለሁ፤ መንገዱን ሙሉ በአገውኛ ለራሴ እያወራሁ ነው የተመለስኩት። አንድ ጋሪ ነጂ «እትዬ፣ ከማን ጋር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ስመለስ ምህረቴ የጋዝ ቆርቆሮ ለሁለት ተቆርጦ የተሠራላትን መጋገሪያ ጥዳለች። ከሥሩ ፍም፣ ከላይ ደግሞ በክዳኑ ላይ ፍም። «እትዬ፣ መጡ? የሎሚውን ልጣጭ ይፍቁልኛል?» አለችኝ፣ እንደ ልጅ አክብራ። እኔም ቁጭ ብዬ ፋቅኩላት። ጠርጥሬያታለሁ፤ ግን ቢላዋ ሰጥተው ሎሚ ፋቂ ሲሉኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ ሥራ ለምጄ ነው ያደግሁ። እሷ ኦቾሎኒውን ቆልታ፣ በመዳፏ ፈትጋ ልጣጩን እፍ ብላ፣ በዘነዘና ሰበር ሰበር አደረገችው። ቴምሩን ፍሬውን አውጥታ ከተፈችው። እጇ ፈጣን ነው፤ ይህን አልክድም። አንድ ኦቾሎኒ እንኳ አፏ አልገባም። እኔ ልፈትናት ብዬ «አንቺ፣ ኦቾሎኒው አላረረም? ቅመሽው እስቲ» ብላት፣ አንስታ አሸተተችና «ደህና ነው» አለች። አሸተተችው! ኦቾሎኒ ስኳር አልነካውም፣ ቅቤ አልነካውም፤ ይህንስ ብትቀምሰው ምን ትሆናለች? አሁን ሳስበው እኔ ዓይን ዓይኗን ሳያት ጊዜ ከፍቷት ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ቆጠርኩባት።

ዳቦው ሰዓት ሳይሞላው ተነሣ። ስንደዶ ሰክታ አወጣችና ደረቅ መሆኑን አየች፤ ከዚያ ገለበጠችው። ቡናማ ሆኖ፣ ላዩ ተሰነጣጥቆ፣ ቴምሩ እዚህም እዚያም ጥቁር ጥቁር እያለ ወጣ። ስኳሩን ሙቀጫ ውስጥ እንደ አቧራ እስኪሆን ወቅጣ በሎሚ ውሃ አሸችውና ገና ትኩስ እያለ አፈሰሰችበት። ነጩ ነገር በጎኑ እየወረደ ሄዶ ረጋ፤ ዳቦው ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለ። ማድቤቱ በሎሚና በቅቤ ሽታ ተሞላ። ዋሲላ በአጥሩ በላይ ብቅ ብላ «ምህረቴ፣ ምንድነው እንዲህ የሚሸት? ለእኛም አስቀሪልን!» አለች። ምህረቴ ሳቀች። ስትስቅ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ግን ያን ነጭ ነገር እያየሁ፣ ከላይ የሚቀባ ነገር ከሥሩ ያለውን ለመሸፈን ካልሆነ ለምን ይጠቅማል እያልኩ ነበር።

ዓለምነው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቶ ጫማውን ይቀባል። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ መጀመሪያ ስለ ጫማው ቀለም አወራሁ፤ ከዚያ ስለ ግራዝማች። ከዚያ ግን አወጣሁት። ጣቷን እንዳጠበች ነገርኩት፣ ቆርቆሮውን ነገርኩት፣ ከእኛ ጋር እንደማትበላ ነገርኩት። ሳቀ። «እታለም፣ አንቺ ደግሞ!» አለና ብሩሹን ቀጠለ። እኔም አልተውኩትም፤ «ቀስ ብሎ የሚሠራም አለ ይላሉ» አልኩት። ያን ጊዜ ብሩሹ ቆመ። አፉ ተከፈተ፣ አንድ ነገር ሊለኝ እንደሆነ አየሁ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋው። እጁ ሳያውቀው ወደ ሆዱ ሄደ። ከአጥሩ ወዲያ የዋሲላ ዶሮዎች ሲያስካኩ ይሰማል። «ሌላ አልጠይቅህም» አልኩት፤ «እሷ ሳትቀምሰው ከዚያ ዳቦ እንዳትቀምስ። ይኸው ነው።» ጫማውን አንስቶ ገባ፤ አንዱን ብቻ ቀብቶ ነበር።

ግራዝማች አድማሴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጋሪ መጡ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ከወንበሩ ጋር ሲታገሉ እንኳ ይስቃሉ። ስለ ዳንግላ ጭቃ አወሩ፤ በቅሏቸው ገበያ ዳር ስለመጋጧ አወሩ፤ ወንድሜም በየመሀሉ «እውነት ነው፣ ግራዝማች» ይላል። ምህረቴ ጠላ ይዛ ገባች። በእኛ አገር ጠላ የምትቀዳ ሴት አስቀድማ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትጎነጫለች፤ ከዚያ ነው ለእንግዳው የምትሰጠው። ክፋት የለበትም፤ ወግ ነው፤ «እኔ የጠጣሁትን ነው የማጠጣህ» ማለት ነው። ምህረቴም ጠላውን እንደ ወጉ ቀምሳ ቀዳች። ከዚያ ዳቦውን በትልቅ የሸክላ ሳህን አድርጋ አመጣችው። ግራዝማች «እንዴ! ይህ ደግሞ ምን ይባላል?» ብለው ተነሥተው ሊያዩት ቃጡ። እሷ በቢላዋ ቆረጠች፤ ውስጡ ቢጫ፣ ኦቾሎኒውና ዘቢቡ ጎልቶ የሚታይ። ለግራዝማች ሰጠች፣ ለባሏ ሰጠች፣ ለእኔ ሰጠች። ለራሷ አልቆረጠችም። ጠላውን ቀምሳ ዳቦውን አልቀመሰችም።

ግራዝማች አፋቸው ሊያደርሱት ሲሉ «ቆይ፣ ግራዝማች» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «ወጉ ይድረስ። ምህረቴ፣ ቀምሰሽ አቅርቢ እንጂ።»

ግራዝማች እንደ ቀልድ ሊያልፉት ነበር። ግን ምህረቴ «እኔ… እኔ በኋላ እበላለሁ እትዬ» አለች፤ የእሳቸውም ሳቅ ቆመ። ዳኛ ናቸው፤ የሰው ፊት ያነባሉ። ቁራሹን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት፤ ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉት። ምህረቴ ወደ እኔ አላየችም። ባሏን ነው ያየችው። እንዴት እንዳየችው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ እንደሚከሰስ ሰው አይደለም፣ ምስክሩ አጠገቡ እንደተቀመጠለት ሰው ነው። አንድ ቃል ትጠብቅ ነበር። ዓለምነው ግን ወደ ጠላው ብርጭቆ አንገቱን ደፋ። እንዳቀረቀረ «ቅመሺ እንጂ ምህረቴ፤ ምን ይጎዳሻል?» አላት።

ወደ ገበታው ዞረች። ከዚያ ከእኔ ሳህን ቁራሹን አነሣች፤ ከእኔ ሳህን መሆኑ ገርሞኝ ነበር። በጣቷ ፊቷ ላይ አማተበች፤ ጎረሰች። ቀስ እያለች አኘከችው። ጉሮሮዋን ትክ ብዬ አየሁት፤ እስክትውጥ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሙሉውን ቁራሽ በላችው፤ ከነነጩ፣ ከነቅርፊቱ፤ ፍርፋሪውንም ከመዳፏ ለቅማ በላችው። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «እንግዲህ ይብሉ፣ ግራዝማች» አለችና እጅ ነሥታ ወጣች። ግራዝማችም በሉ፤ ሦስት ቁራሽ በሉ፤ እንደ ቤትዎ ነው ስንላቸው አራተኛውንም በሉ። ዓለምነው ግራዝማች ምንም እንዳልሆኑ እስኪያይ ጠብቆ ኋላ ላይ ቀመሰ። እኔም በላሁ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር በዕድሜዬ አልበላሁም፤ ይህ ነው በጣም ያናደደኝ።

ግራዝማች ሲሄዱ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ልክ እንዳልነበርኩ ገብቶኛል፤ ግን አፌ ይቅርታ ለማለት አልተፈታም። «ዳቦሽ ደህና ነበር» ልላት ማድቤት ገባሁ። ሳህን ታጥባለች። አጠገቧ ቆሜ የታጠበውን ማድረቅ ጀመርኩ።

«ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረኝ» አለች፣ ሳትዞር።

«የምን ዘጠኝ ቀን?»

«የጽጌ ጾም።»

የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ካህናቱና መነኮሳቱ፣ ስለት ያለባቸው ናቸው የሚይዙት፤ የያዘውም ሰው ይዣለሁ ብሎ አያወራም። እኔ በየዓመቱ «ዘንድሮስ እጾመዋለሁ» እልና ወገቤን አሳብቤ እተወዋለሁ። የፈረንጅ ቤት ወጥ ሠሪ ትይዘዋለች ብዬ በምን ልገምት? ሁሉን ጠርጥሬ ይህን ብቻ ሳልጠረጥር ቀረሁ። ሠላሳ አንድ ቀን ቅቤና እንቁላል ሳትነካ ቆይታ፣ ቅቤና እንቁላል የበዛበትን ቁራሽ በእኔ አፍ ተገዳ በላችው።

«ለምን ያዝሽው?» አልኳት።

«ለሆዱ። አርባውን ቀን እጾምለታለሁ ብዬ ተሳልኩ።»

«ታዲያ ብትናገሪ ምን ነበረበት? 'ጾም ነኝ' ብትይ ማን ይነካሽ ነበር?»

«ስለት አይወራም አሉኝ። ለአንድ ሰው ግን ተናግሬያለሁ።»

«ለማን?»

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። እጇ ከውሃው ውስጥ ነው። «እትዬ፣ መኝታ ለይቼ ወር ሙሉ መሬት ስተኛ፣ እሱ ሳያውቅ እንዴት ይሆናል?»

ከማድቤቱ ወጣሁ። ወደ ዓለምነው ሄድኩ። ወንበሩን ግቢ ውስጥ አውጥቶ፣ ቀበቶውን ፈትቶ ተቀምጧል። «ታውቅ ነበር?» አልኩት። ስለ ምን እንደምጠይቀው አልጠየቀኝም። «ነግራኛለች» አለ። ቅድም ጫማ ሲቀባ አፉ ተከፍቶ የተዘጋው ለዚህ ነበር። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልክ? 'ጾም ናት' ማለት ምን ይከብድ ነበር?» ብዬ ጮህኩበት፤ እኔ! ያሳደግኩት ልጅ ፊቱን አዙሮ እንዲህ አለኝ፦ «ጾሙን ሰበብ አድርጋው ቢሆንስ ብዬ ነው፣ እታለም። ከእኔ ጋር ላለመብላት፣ ከእኔ ጋር ላለመተኛት፣ ያን ዳቦ ላለመቅመስ… ሁሉም ለዚያ ቢሆንስ? አንቺ እስክትናገሪ ድረስ በሐሳቤም አልነበረ። ከተናገርሽ በኋላ ግን ላወጣው ብል አልወጣ አለኝ።»

«ይኸው በላች! አንተም በላህ፣ ግራዝማችም በሉ፣ እኔም በላሁ። ማንም አልሞተም!»

«ቀስ ብሎ የሚሠራም አለ አላልሽም?»

«እሱን እኔ ከሱቅ ነው የሰማሁት። አንዲት የማላውቃት ሴት ናት ያለችው። ውሸት ነው፣ ዓለምነው፤ በእናታችን አፅም!»

«አሁን እኔን ለማጽናናት ነው» አለ። በእናታችን አፅም ምዬለት እንኳ አላመነኝም። ቀና ስል ምህረቴ በማድቤቱ በር ቆማለች፤ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች። ምን ያህሉን እንደሰማች ከፊቷ ማወቅ አይቻልም፤ ሁሉንም ሳትሰማ አልቀረችም። ገባችና መጋረጃውን ጣለች። ሣጥኗ ሲከፈት ሰማሁ። ዓለምነውም ሰማ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሣም። እኔ ነኝ የገባሁት። ልብሷን በነጠላ እየቋጠረች ነበር።

«የት ነው?» አልኳት።

«ለዛሬ ዋሲላ ጋ አድራለሁ። ነገ አውቶቡስ ያልፋል።»

«ምህረቴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ። እግርሽ ላይ ልውደቅ?» ብዬ ዝቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። እጇ ገና እርጥብ ነው።

«እርስዎን አልተቀየምኩም እትዬ። እርስዎ አያውቁኝም» አለች። «እሱ ግን ያውቀኛል።»

ቋጠሮዋን አነሣች። ቀዩን ቆርቆሮ ግን ከሣጥኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። «ሲያቃጥለው ግማሽ ማንኪያ በውሃ ይስጡት፤ ከዚያ በላይ አይሁን» ብላ በጓሮ በር ወጣች። በዓለምነው በኩል አላለፈችም። ከአጥሩ ወዲያ ዋሲላ «ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ በራቸው ተዘጋ። እንግዲህ ቤቱ እንደ ድሮው የእኔ ሆነ፤ ማድቤቱም፣ ጓዳውም፣ ወንድሜም። እንደሱ እንዲሆን ስመኝ የኖርኩ ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰው መብላቱ አይቀርም፤ ጨለም ሲል ሽሮ ሠራሁ። ዓለምነው ገብቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ሆዱን በሁለት እጁ ይዟል። ከቆርቆሮው ግማሽ ማንኪያ በጥብጬ ብሰጠው ብርጭቆውን አየውና በእጁ ገፋ አደረገው። እኔም አልጎተጎትኩትም። ሽሮውን በእንጀራ አድርጌ ፊቱ አቀረብኩለት። ይህን ሽሮ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ በእጄ አጉርሼዋለሁ። አጎንብሶ አየው፤ ብዙ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ቅመሺው እስቲ፣ እታለም» አለ።

የቀልድ መስሎኝ ፊቱን ፈለግሁት፤ ቀልድ አልነበረበትም። ቆርሼ ጎረስኩ። እስክውጥ ጠበቀኝ፤ ከዋጥኩም በኋላ ትንሽ ቆየና መብላት ጀመረ።